ሙሃነድ ማለት የህንድ ጎራዴ ማለት ነው

እህቶቼ፣ ይህ ጽሑፍ ስለ ጎራዴና ስለ ልጆች ጌም ነው። «እኛና ጎራዴ ምን አገናኘን?» የምትል ካለች ትንሽ ትታገሠኝ፣ መጨረሻው ላይ የራሳችንም ሰው አለበት። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። እዚህ ኢቃማችንም ኮንትራታችንም በዚያው ስለሆነ ይቀለናል ብዬ ነው።

የምሠራበት ቤት የመጨረሻው ልጅ ሙሃነድ ይባላል። 13 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፕሌይስቴሽኑ ፊት ይቀመጣል፤ እኔ ደግሞ እዚያው ሳሎን ጥግ ላይ ልብስ እተኩሳለሁ። ስለዚህ ሳልፈልግ ብዙ ጌም አይቻለሁ፤ ማን ማንን እንደገደለ ከእሱ ቀድሜ የማውቅበት ጊዜ አለ። አብራኝ የምትሠራው ምግብ አብሳይ የሃይደራባድ ሰው ነበረች፣ ህንድ። በዕድሜ በጣም ትበልጠኛለች፤ «አፓ» እላታለሁ፣ በእነሱ ቋንቋ እቴቴ እንደማለት ነው።

አንድ ቀን ልጁ ኦቨርዋች የሚባለውን ጌም ይጫወታል። ሲሜትራ የምትባል ሰማያዊ ልብስ የለበሰች ጠይም ሴት አለች፤ ከእጇ ብርሃን እያወጣች ግድግዳና መሣሪያ ትሠራለች። ልጁ «አፓ፣ ነይ እዪ፣ ይቺ ካንቺ አገር ናት፣ ሃይደራባድ ይላል» ብሎ ጠራት። አፓ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ እንደያዘች መጥታ አየቻትና ሳቀች። ልጁ ግን ቀጠለ። ክፋት አልነበረበትም፣ እንዲያው ያየውን መናገሩ ነው፦ «ግን እኮ ህንዶች ተዋጊ አይደሉም። ህንዶች ሹፌርና ሠራተኛ ናቸው።»

ካውያው እጄ ላይ ቆመ። አፓ ግን አልተቆጣችም። «ያንተ ስም ምን ማለት ነው?» አለችው። «ምንም፣ ስም ነው» አላት። «አባትህን ጠይቀው» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ማታ ሻይ ሳቀርብ ሰማሁ። አባትየው እየሳቀ «ሰይፍ ማለት ነው። ከህንድ ብረት የተሠራ ሰይፍ» አለው። ልጁ ዝም አለ። እኔም ትሪውን ይዤ ቆምኩ። ስንት ሙሃነድ በዚህ አገር እንዳለ ታውቃላችሁ፤ እኔ ብቻ እንኳ ሦስት አሳድጌያለሁ። ትርጉሙን ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከዚያ በኋላ ነው ሌሊት ሌሊት በስልኬ ማንበብ የጀመርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደቡብ ህንድ ውስጥ ብረት ቀጥቃጮች ከሌላው ዓለም የተለየ ጥበብ ነበራቸው። ብረቱን ቆራርጠው ከእንጨትና ከቅጠል ጋር በትንሽ የሸክላ ድስት ውስጥ ይከቱና አፉን በጭቃ ይደፍኑታል። ከዚያ ብረቱ እስኪቀልጥ ድረስ በከሰል እሳት ያነዱታል፤ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝም ይተዉታል። ድስቱ ሲሰበር ትንሽ ዳቦ የመሰለ ጠንካራ ብረት ይወጣል። ፈረንጆቹ ዉትዝ ይሉታል። ይህ ብረት በመርከብ ተጭኖ ወደ ፋርስና ወደ ዐረብ አገር ይሄድ ነበር፤ እዚያ ሰይፍ ይሆናል፤ ሲወለወል ላዩ ላይ የውኃ ሞገድ የመሰለ መስመር ይታያል። ዓለም «የደማስቆ ሰይፍ» ብሎ የሚያደንቀው አንዱ ይኸው ነው። ስሙን ደማስቆ ወሰደችው፣ ብረቱ ግን የህንድ ነው። ዐረቦቹ ራሳቸው ግን አልደበቁትም፤ ከእስልምና በፊት በነበረው ግጥማቸው ጀምሮ ጥሩ ሰይፍን «ሙሃነድ» ይሉታል። በ9ኛው መቶ ዘመን የነበረው ፈላስፋ አል ኪንዲም ስለ ሰይፍ ዓይነቶች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል።

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ይህ ነው። ይህ ብረት በብዛት ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዱ የጎልኮንዳ አገር ነው። ጎልኮንዳ ማለት ዛሬ የሃይደራባድ ከተማ ዳር የሚታየው ምሽግ ነው። ኮናሳሙድራም በሚባል በዚያው አገር ባለ መንደር የፋርስ ነጋዴዎች ብረቱን ለመግዛት እየመጡ ይቀመጡ ነበር። እንግዲህ አፓ ያችን ጥያቄ ስትጠይቅ ስለ ራሷ ጎረቤት እየተናገረች ነበር ማለት ነው።

ሌላም አለ። ነዳጅ ሳይገኝ በፊት መንገዱ የተገላቢጦሽ ነበር። ከሐድረመውት የሚነሱ ዐረቦች እንጀራ ፍለጋ ወደ ህንድ ተሰደዋል፣ የሃይደራባድ ገዢ ለነበረው ለኒዛም ወታደርና ዘበኛ ሆነው አገልግለዋል። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ባርካስ በሚባል ሰፈር ይኖራሉ፤ ስሙ የመጣው ከወታደር ሰፈር የእንግሊዝኛ ስም ነው። ኩዌት፣ ባሕሬን፣ ኳታር፣ ኤምሬትስ ሁሉ እስከ 1960ዎቹ ድረስ የሚገበያዩት በሩፒ ነበር። ማዳም ይህን ታውቅ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። አያቷ በእርግጥ ያውቁ ነበር።

ወደ ጌሙ ልመለስ። ማንበብ ስጀምር አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። የህንድ መሣሪያ በየጌሙ አለ። የያዘው ሰው ግን ህንዳዊ አይደለም።

ለምሳሌ ካታር የሚባል ጩቤ አለ (ከኳታር ጋር አይምታታባችሁ)። መያዣው እንደ መሰላል ነው፤ ሁለት ቋሚ ብረት፣ መካከላቸው መጨበጫ። ስትጨብጪው ስለቱ ከቡጢሽ ፊት ለፊት ይወጣል፣ ስለዚህ የምትወጊው በቡጢ እንደመምታት አድርገሽ ነው። በደቡብ ህንድ በቪጃያናጋር መንግሥት ዘመን የታወቀ መሣሪያ ነው፤ በኋላ የሙግሎቹም መሳፍንት በወገባቸው ይሽጡት ነበር። ሶልካሊበር በሚባለው የጃፓን ጌም ውስጥ ይህን ጩቤ በሁለት እጁ የሚይዘው ቮልዶ ነው። ቮልዶ ጣሊያናዊ ነው! የጩቤዎቹ ስም እንኳ የሳንስክሪት ቃል ነው፣ ባለቤቱ ግን ከፓሌርሞ። ራግናሮክ የሚባለው የኮሪያ ጌም ውስጥም ካታር የነፍሰ ገዳዮች መሣሪያ ነው፤ ከህንድ ጋር ምንም ነገር አያገናኘውም።

ቻክራምም እንዲሁ። ቻክራም ዙሪያው የተሳለ የብረት ቀለበት ነው፤ በጣት ላይ አሽከርክረው ይወረውሩታል። የሲክ ተዋጊዎች፣ ኒሃንግ የሚባሉት፣ ረጅም ጥምጥማቸው ላይ ደርድረው ያደርጉታል፤ ዛሬም በበዓላቸው ቀን ታዩአቸዋላችሁ። እድሜያችሁ ከእኔ የሚቀራረብ በቴሌቪዥን ዚና የምትባለዋን ጦረኛ ሴት ታስታውሱ ይሆናል፣ ከ1995 እስከ 2001 የታየችውን። ያ ስትወረውረው ተንጥሮ የሚመለስላት ቀለበት ቻክራም ነው። እሷ ግን የግሪክ ሰው ናት። ኪንግደም ሃርትስ በሚባለው ጌምም አክስል የሚባል ቀይ ጸጉር ያለው ልጅ ሁለቱን ይዞ ይዋጋል።

እንግዲህ መሣሪያው ያለ ባለቤቱ ተሰደደ ማለት ነው። ሲሜትራን ደግሞ እዩ። ባለቤቷ መጣች፣ መሣሪያው የለም። ሥሯ ሃይደራባድ ነው፣ ያን ሁሉ ብረት ያወጣ አገር፤ ጌሙ ግን በእጇ የሰጣት የብርሃን ጨረር ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው «ወደፊት እኮ ነው፣ ወደፊት ጎራዴ የለም» አለኝ። እሺ ብዬ ነበር። ኋላ ግን እዚያው ጌም ውስጥ ጌንጂ የሚባለው ጃፓናዊ ረጅም ሰይፍ በጀርባው ተሸክሞ ሲሮጥ አየሁ። የጃፓን ሰይፍ ወደ ፊት ዘመን ተሻገረ፣ የህንዱ ቀረ። ለምን?

አንዱ መልስ ይህ ይመስለኛል። ህንድ የራሷን መሣሪያ በራሷ እጅ እንዳትይዝ ተደርጋለች። በ1857 የህንድ ወታደሮች በእንግሊዝ ላይ ተነሡ፤ ዐመፁ በደም ታፈነ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች ከየመንደሩ ሰይፉን፣ ጦሩን፣ ጠመንጃውን ለቀሙት። በ1878 የመሣሪያ ሕግ አወጡ፤ ህንዳዊ ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይይዝ የሚከለክል። ፈረንጆቹ ከሕጉ ነፃ ነበሩ። በታንጃቩር ቤተ መንግሥት ስንት ትውልድ ያከማቸው የመሣሪያ ግምጃ ቤት ነበር፤ በ1860ዎቹ ተበተነ። ጥሩ ጥሩው ተመርጦ ወደ ማድራስ ሙዚየም ሄደ፣ የቀረው ብዙ መሣሪያ ተሰባብሮ እንደ ቁራጭ ብረት ተሸጠ። ዛሬ ለንደንና ኒውዮርክ ሙዚየም ውስጥ ከመስተዋት ጀርባ የምታዩት ካታር አንዳንዱ ከዚያ የተረፈ ነው። ጌም የሚሠራ ሰው ደግሞ ከሙዚየምና ከሥዕል መጽሐፍ ነው የሚቀዳው። እዚያ ጩቤው አለ፣ የያዘው እጅ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ለእኛም ስለሚነካን። «ወደፊት» የሚባለው ነገር ራሱ ህንድ ውስጥ ነበር። የማይሶር ገዢዎች ሃይደር አሊና ልጁ ቲፑ ሱልጣን የብረት ቀፎ ያለው ሮኬት ሠርተዋል። የሌላው አገር ሮኬት ቀፎው ከካርቶንና ከቀርከሃ ስለነበረ ብዙ ባሩድ አይችልም፤ የእነሱ ግን ብረት ስለሆነ ሩቅ ይሄዳል። በ1780 ፖሊሉር በሚባል ቦታ የእንግሊዝን ጦር ሲደመስሱ ሮኬቱ አብሮ ነበር። ቲፑ በ1799 ከተገደለ በኋላ እንግሊዞች ሮኬቶቹን ወደ አገራቸው ወሰዱ፣ ኮንግሪቭ የሚባል ሰው አጥንቶ የእንግሊዝ ሮኬት አደረገው። በ2018 እንኳ በካርናታካ አንድ የተተወ ጉድጓድ ሲቆፈር ከ1,000 በላይ የቲፑ ዘመን ሮኬት ወጥቷል።

ይህ ጥበብ ዞሮ ወደ ማን እንደተተኮሰ ታውቃላችሁ? በ1868 ጄኔራል ናፒየር በአጼ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ሠራዊቱ የተነሣው ከቦምቤይ ነው። 44 ዝሆን ከህንድ መጥቷል። ከወታደሩ ብዙው ህንዳዊ ነበር፣ የፑንጃብ ሲኮች ጭምር። አሮጌ ላይ የቴዎድሮስ ሰዎች ከተራራው ቁልቁል ሲወርዱ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሮኬት ተኮሰባቸው። የእንግሊዙ ክፍለ ጦር አዲስ ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ይዟል፤ አብረውት ለተሰለፉት ህንዶች ግን የተሰጣቸው አሮጌው ከአፈ ሙዝ የሚጎርሰው ነው። ከ1857 በኋላ አያምኗቸውም ነበራ። ይህን ለአፓ ስነግራት ምንም አልመለሰችልኝም። የምንተኛው ባንድ ክፍል ነበር፤ ትንሽ ቆይታ «የእኛ ሰዎች እናንተ ጋ መጥተው ገደሉ?» አለችኝ። «ታዝዘው» አልኳት። «እኛ ሁሌ ታዝዘን ነው» አለች።

ስለ ሰዎቹ አሣሣልም ትንሽ ልበል። ቀድሞ በጌም ውስጥ የምታዩት ህንዳዊ ዳልሲም ነበር፣ በ1991 ስትሪት ፋይተር ሁለት ላይ የመጣው። አጥንቱ የወጣ፣ አንገቱ ላይ የራስ ቅል የደረደረ፣ እጅና እግሩ እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ ከአፉ እሳት የሚተፋ ዮጊ። ልጆች ይወዱታል፤ እኔ እንኳን ሳየው ስቄያለሁ። ግን ሰው አይመስልም። ከእሱ በኋላ ብዙ ዓመት የመጣው አብዛኛው ወይ አስማተኛ ወይ አምላክ ነው። ሲሜትራም ብትሆን «ዴቪ» የሚባል፣ እንደ አምላካቸው የሚያስመስላት ልብስ ነበራት፤ በ2016 ራጃን ዜድ የሚባሉ የሂንዱ እምነት ሰው አምላካችንን መጫወቻ አታድርጉ ብለው ተቃውመዋል። እኔ ልክ ናቸው እላለሁ። የእመቤታችንን ሥዕል አልብሰው ቢያታኩሷት ማናችን ዝም እንላለን?

የሲሜትራ ታሪክ ግን ጥሩ ነው፣ ይህን ሳልናገር ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። እውነተኛ ስሟ ሳትያ ቫስዋኒ ነው። ድህነት ውስጥ ነው ያደገችው። ቪሽካር የሚባል ትልቅ ኩባንያ ተሰጥኦዋን አይቶ ከሰፈሯ ይወስዳታል፣ በሚያብረቀርቅ ከተማ ውስጥ ያስተምራታል፣ ያኖራታል። በባህላዊ ውዝዋዜ እጇን እያንቀሳቀሰች ነው ብርሃኑን የምትሸምነው። ብቸኛ ናት፤ ሰው ሲበዛባት ትጨነቃለች። ኩባንያው ያለችበትን ሁሉ ስለሰጣት ታምነዋለች፤ ከዚያ ብራዚል ይልካትና እዚያ አለቆቿ የሚሠሩትን ክፉ ሥራ ታያለች፣ ልቧ ይከፈላል። ውለታና እውነት መካከል። እህቶቼ፣ ይህንን የጻፈው ሰው ስለ እኛ አያውቅም፤ እኔ ግን ልብስ እየተኮስኩ ያየሁት የማውቃትን ሴት ነው።

ኤፔክስ በሚባለው ጌም ደግሞ በ2020 ራምፓርት መጣች፤ ራምያ ፓሬክ። እሷ ሌላ ናት። የራሷ ጋራዥ የነበራት፣ መሣሪያ በእጇ የምትፈታና የምትገጥም፣ አፏ የማይዘጋ፣ ለትልቁ ጠመንጃዋ የሴት ስም ያወጣች። አምላክም አይደለችም፣ ዮጊም አይደለችም። ባለ ሙያ ናት። የሁለቱንም ድምፅ የምታወጣው አንዲት ተዋናይ ናት፣ አንጃሊ ብሂማኒ የምትባል የህንድ ዘር ያላት አሜሪካዊት። ራምፓርት እጇ በቅባት ጨቅይቶ ስትስቅ ያየች አፓ «ይቺስ የእኔ እህት ልጅ ናት» አለች።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው ልምጣ። ልጁ አንድ ቀን «ከሐበሻስ ማን ተዋጊ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አድዋን ሊሰማ አልፈለገም፣ ሰይፍና ህንድ ላይ ነው ልቡ። እኔም ማሊክ አምባርን ነገርኩት።

ማሊክ አምባር በ1548 አካባቢ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጠ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በዐረብ ገበያዎች አለፈ፤ ባግዳድ ደረሰ፤ አምባር የሚለውን ስም ያወጣለት የባግዳዱ ጌታው ነው። ከዚያ ወደ ህንድ፣ ዴካን ወደሚባለው አገር ተሸጠ። የገዛው ሰው ራሱ ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሐበሻ ነው፣ የአህመድናጋር መንግሥት ሹም። ጌታው ሲሞት ነፃ ወጣ። ጦር ሰበሰበ፤ በ1600 አካባቢ የአህመድናጋር እንደራሴ ሆነ፣ ንጉሥ የሚያነግሥና የሚያወርድ። ትልቁን የሙግል ጦር ፊት ለፊት አይገጥምም፤ ፈረሰኞቹ በገደል በሸለቆ እየመጡ ስንቁን ይመቱና ይጠፋሉ። በ1610 ካድኪ የምትባል ከተማ ቆረቆረ፣ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችው። በ1626 በሽምግልና ሲሞት ሙግሎች አላሸነፉትም ነበር።

የሙግሉ ንጉሥ ጃሃንጊር በዚህ በጣም ይበሳጭ ነበር። ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ሠዓሊውን አቡል ሐሰንን ጠርቶ ሥዕል አሣለ። በሥዕሉ ላይ ጃሃንጊር ቀስቱን ወጥሮ፣ ጦር ላይ በተሰካው የማሊክ አምባር የተቆረጠ ራስ ላይ ይተኩሳል። በሕይወቱ ሊያገኘው ያልቻለውን ሰው በቀለም ገደለው። ሥዕሉ ዛሬ ደብሊን፣ ቼስተር ቢቲ በሚባል ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ይህን ለሙሃነድ በስልኬ ሳሳየው ሳቀና «ጌም እኮ ነው! ተሸንፎ ብቻውን ሲጫወት» አለኝ። ከእኔ የተሻለ ገባው። ሌሎች ሠዓሊዎች ደግሞ ማሊክ አምባርን ነጭ ልብስ አልብሰው፣ ሰይፉን ይዞ፣ ቁመናው ግርማ ያለው ጥቁር ሽማግሌ አድርገው ሥለውታል። ያ ሰይፍ የዴካን ሰይፍ ነው። ልጁ «በየትኛው ጌም ላይ አለ?» አለኝ። እኔ ባየኋቸው የለም አልኩት።

ስለ ሴት ተዋጊ ሲጠይቀኝ ደግሞ አፓ ስልኳን አውጥታ ሚናክሺ አማን አሳየችው። የኬረላ ሴት ናቸው፣ ከሰባት ዓመታቸው ጀምረው ካላሪፓያቱ የሚባለውን የጥንት የውጊያ ጥበብ የተማሩ፣ አሁን ሌሎችን የሚያስተምሩ። በ2017 የህንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን ሽልማት ሰጣቸው። ያኔ ከ70 ዓመት በላይ ነበሩ። ሳሪያቸውን ሸብ አድርገው ከጎልማሳ ወንድ ጋር በዱላና በሰይፍ ይጋጠማሉ። በዚያው ጥበብ ውስጥ ኡሩሚ የሚባል እንደ ቀበቶ የሚጠቀለል ሰይፍ አለ፤ ሲለቁት እንደ አለንጋ ይገረፋል፣ ያላወቀበት ራሱን ይቆርጣል። ልጁ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ መልሶ አየው። ማዳም መጥታ «ምን እያሳያችሁት ነው?» አለች፤ እሷም ቆማ አየች።

አፓ ባለፈው ዓመት ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ገባች። ሙሃነድ ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ተሸከመላት። ሃይደራባድ ውስጥ ኤሲ ጋርድስ የሚባል ሰፈር አለ። ኒዛሙ ከአፍሪካ ያመጣቸው ፈረሰኛ ዘበኞች የሰፈሩበት ነው፣ ስሙም ከእነሱ ነው የወጣው፤ ዘሮቻቸው ዛሬም እዚያ አሉ። በዘመናቸው ሲዲ ወይም ሐብሺ ይባሉ ነበር። አፓ በየሳምንቱ ልጇን ሐኪም ቤት ስታደርስ በዚያ በኩል ታልፋለች፤ ባለ ሦስት እግሩ ታክሲ ውስጥ ሆና የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። ጥሩምባውና ጫጫታው ሁሉ ይሰማል። ባለፈው አርብ የላከችው እንዲህ ይላል፦ «ያገርሽ ሰዎች ሰፈር ደርሻለሁ። አንዲት አንቺን የመሰለች ልጅ ሙዝ ትሸጣለች። ሰላም ልበላት?»